ከብርሃኑ በፊት የነበሩት 38 ቀናት



ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ብርዷን የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ የማያስጥል ብርድ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ልጅ ሆኜ እሑድ እሑድ ከሥላሴ ቅዳሴ ስንመለስ እጄን ይዘው የከተማዋን ስም ታሪክ ያጫውቱኝ ነበር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዚህ ስፍራ ሳሉ ከሰማይ ታላቅ ብርሃን ወረደ፤ ንጉሡም እግዚአብሔር ሥራቸውን እንደ ወደደላቸው ዐውቀው ቤተ ክርስቲያን አነጹ፤ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። ታሪኩ ይኸው ነበር። እኔም ማታ ደጅ በወጣሁ ቁጥር ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ። ያ ብርሃን ተመልሶ ቢመጣ ቀድሜ የማየው እኔ ልሁን ብዬ ነው።

እግዚአብሔር የወደደላቸው ሥራ የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ አልጠየቅሁም። አባቴም አልነገሩኝም። ታሪኩ በብርሃኑ ይጀምርና በቤተ ክርስቲያኑ ያበቃል፤ ከብርሃኑ በፊት የሆነ ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ከጎለመስሁ በኋላ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁትም ስለዚያ መጽሐፍና ስለ መሰሎቹ ልናገር ነው፤ ያደግንበትን ታሪክ ስለሚያናውጡ መጻሕፍት፣ እንደዚያ ያለ መጽሐፍ እጃችን ሲገባ ምን እንደምናደርግና ምን ማድረግ እንደሚሻለን።

መጽሐፉ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ይባላል። ደቂቀ እስጢፋኖስ የደረሷቸውን ገድሎች ከግእዝ ወደ አማርኛ መልሰው በ1996 ዓ.ም. ያሳተሙልን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ደቂቀ እስጢፋኖስ ማለት የአባ እስጢፋኖስ ልጆች፣ የመንፈስ ልጆቹ ማለት ነው። አባ እስጢፋኖስ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የተነሣ መነኩሴ ነው። ትምህርቱ ሲጠቀለል፣ ስግደት ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው የሚል ነው። ለንጉሥ አልሰግድም አለ። ይህን ያለው የንጉሥ ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ መሬት በሚስምበት ዘመን ነው። ለእመቤታችንና ለመስቀልም አይሰግዱም ተብለው እሱና ተከታዮቹ ተከሰሱ። ክሱ በአፄ ይስሐቅ ዘመን ተጀምሮ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከረረ። አባ እስጢፋኖስ ተገረፈ፣ ተጋዘ፣ በግዞት እንዳለም አረፈ። ከእሱ በኋላ ተከታዮቹ ላይ የደረሰውን ገድሉ ሲዘረዝር አፍንጫና ምላስ ስለ መቆረጥ፣ በድንጋይ ስለ መወገር፣ እስከ አንገት ስለ መቀበር ይናገራል። እኔ አንድ ሁለት ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ተነሥቼአለሁ።

እንግዲህ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ለእኔ ማን እንደ ነበሩ አስቡ። መጽሐፈ ብርሃንን፣ መጽሐፈ ሚላድን፣ ጦማረ ትስብእትን የደረሱ ሊቅ ንጉሥ ናቸው። ግማደ መስቀሉን ግሸን ያኖሩ ናቸው። የእመቤታችንን 33 በዓላት የሠሩ፣ ተአምረ ማርያም በየእሑዱ እንዲነበብ ያዘዙ ናቸው። ሰንበተ አይሁድን ስለ ማክበር አገር ለሁለት ተከፍሎ ሳለ በ1450 እ.ኤ.አ. ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ አድርገው ያስታረቁ ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዛሬም እውነት ነው። ያን መጽሐፍ ያነበብሁ ዕለት ግን እኚህ ንጉሥ ከዚያ ችሎት ወንበር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው።

ከዚያ የከተማዬ ስም መጣ። በቤተ ክርስቲያን በተጠበቀው፣ በንጉሡ ወገን በተጻፈው ትረካ መሠረት እስጢፋኖሳውያኑ በድንጋይ የተወገሩት የካቲት 2 ቀን ነው። ብርሃኑ የታየው መጋቢት 10 ቀን ነው። በመካከሉ 38 ቀን አለ። ንጉሡ «ሥራዬን ወደደልኝ» ብለው ብርሃኑን የተረጎሙት ለዚያ ፍርድ ነው። የወደደላቸው ሥራ የቱ ነው ብዬ ሳልጠይቀው የኖርሁት ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር። የልደት የምስክር ወረቀቴ ላይ የተጻፈው የከተማ ስም፣ ደብዳቤ ስጽፍ ከላይ የማኖረው ስም፣ በእነዚያ ሰዎች ሞት ላይ የቆመ ነው።

ቁጣ ያዘኝ። ቁጣው መጀመሪያ በመጽሐፉ ላይ ነበር፤ ይህን ልደብቃችሁ አልችልም። «ይህ የመናፍቃን ገድል ነው፤ የራሳቸውን ወገን ያዳነቁበት ነው፤ ማን ያምነዋል?» አልሁ። ወደ ማታ ላይ ቁጣው ዞሮ አባቴ ላይ ሆነ። «ለምን ደበቁኝ?» አልሁ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ይመስለኛል። ደስ ደስ አለኝ። አሁን እኔ ምሥጢር ዐዋቂ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ ተታሎ የኖረ ነው አልሁ። ዘርዓ ያዕቆብን የሚያመሰግን ሰው ባገኝ ልረታው ቋመጥሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ የዚያ መጽሐፍ ጠበቃ ሆኜ ዋልሁ። ያደግንበትን ታሪክ የሚያናውጥ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ ከነዚህ ከሦስቱ ባንዱ ላይ ይቆማል፤ ወይ መጽሐፉን ይጥላል፣ ወይ ያስተማሩትን ይጠላል፣ ወይ አዲሱን መጽሐፍ እንደ አሮጌው አድርጎ ይሳለመዋል።

እኔን ከዚያ ያወጣኝ ሌላ መጽሐፍ ነው። እሱም አዲስ አይደለም። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ነው፤ ከሞታቸው በኋላ በቤተ መንግሥት ወገን የተጻፈ፣ ፔሩሾን የተባለ ፈረንሳዊ በ1893 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ያሳተመው። በተማሪነቴ ይህን ዜና መዋዕል ከሌሎች መጻሕፍት ውስጥ በተጠቀሰ በተጠቀሰው ዐውቀዋለሁ፤ ስለ ሹመቱ ሥርዓት፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ መታነጽ። በመጀመሪያው ቁጣዬ የንጉሡን ንጽሕና ላረጋግጥበት ብዬ፣ መናፍቃኑን ልረታበት ብዬ አውጥቼው ነበር፤ ከዚያ ሳምንት በኋላ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት።

ዜና መዋዕሉ ራሱ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ሰዎች ሁሉ ላይ ታላቅ ፍርሃትና መንቀጥቀጥ እንደ ነበረ ይናገራል። ንጉሡ ሰው ሁሉ በግንባሩና በክንዱ ላይ ሃይማኖቱን የሚመሰክር፣ ዲያብሎስን የሚክድ ጽሑፍ እንዲይዝ ማዘዛቸውን ይናገራል። ጣዖት አመለኩ ተብለው በሐሰት የተከሰሱት የገዛ ልጆቻቸው፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ተገርፈው እንደ ሞቱ፣ ሕዝቡም ያን አይቶ እንዳለቀሰ ይናገራል። የአፄ በእደ ማርያም እናት፣ የንጉሡ ሚስት ጽዮን ሞገሳ፣ ልጇን ልታነግሥ አሲራለች ተብላ ከተገረፈች በኋላ መሞቷን ይናገራል። ልጇ ለእናቱ መታሰቢያ ዕጣንና ጧፍ ወደ ቤተ ክርስቲያን በላከ ጊዜ አባቱ መቆጣታቸውን ይናገራል።

ይህን የጻፈው መናፍቅ አይደለም። የቤተ መንግሥት ሰው ነው፤ በተረፈ ንጉሡን የሚያከብር ሰው። ሁሉም ነገር እዚያው፣ እኔ «የእኛ» በምለው መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። አንባቢዎቹ፣ ጠቃሾቹና መምህራኑ አልፈውት ሄደው ነው እንጂ ተሰውሮ አልነበረም። እኔም ለፈተና ስዘጋጅ የሹመቱን ሥርዓት ነቅሼ የጽዮን ሞገሳን ጅራፍ ያለፍሁት ይሆናል።

ዛሬ ለመናገር የመጣሁት ዋና ነገር ይኸው ነው። ታሪካችንን የሚገዳደር መጽሐፍ ትልቁ ሥራው አዲስ ታሪክ መስጠቱ አይመስለኝም። ወደ አሮጌው መጽሐፍ ይመልሰናል። የምናውቀው የመሰለንን፣ አንብበን የጨረስነው የመሰለንን ብራና እንደገና ያስገልጠናል። ያን ጊዜ ዐይናችን ቀድሞ ዘልሎት የሄደው መስመር ላይ ያርፋል።

ስለ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ትንሽ ልናገር፤ ጉዳዩን ይነካል። እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ጠላት አልነበሩም። የሸንኮራ ልጅ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፣ ባሕረ ሐሳብን የጻፉልን፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለግእዝ መጻሕፍት የኖሩ። በ1960ዎቹ ማብቂያ በደርግ ዘመን ሊይዟቸው ከመጡ ወታደሮች በተተኮሰ ጥይት ቆስለው መራመድ የማይችሉ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ከ40 ዓመት በላይ ሠሩ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ በማይክሮፊልም የተነሡትን ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በካታሎግ ሲያዘጋጁ ከኖሩት ሊቃውንት አንዱ እሳቸው ናቸው። አገራቸው ካቆሰላቸው በኋላ የአገራቸውን ብራና አንድ በአንድ ሲያነቡ ኖሩ። እንደዚህ ያለ ሰው የእስጢፋኖሳውያንን ገድል ወደ አማርኛ ሲመልስ ቤተ ክርስቲያኑን ለማዋረድ ነው የሚል ሰው ካለ አልቀበለውም። ከርእሱ ላይ ያኖሩትን ቃል ተመልከቱ፤ «በሕግ አምላክ»። መንገድ ላይ የሚደባደቡ ሁለት ሰዎችን የሚያስቆም፣ ሯጩን ባለበት የሚያቆም የአባቶቻችን ቃል ነው። ከ500 ዓመት በላይ ዘግይቶ ለተበደሉት የተጮኸ ይመስለኛል።

ገድሎቹስ ይህን ሁሉ ዘመን የት ነበሩ? ብዙዎቹ ጉንዳ ጉንዶ ነው የተጠበቁት፤ በምሥራቅ ትግራይ፣ ከአጋሜ ወደ ቆላ በሚወርድ ሸለቆ ውስጥ ያለ፣ ለመድረስ አስቸጋሪ የሆነ ገዳም። የእስጢፋኖሳውያን ልጆች ውሎ አድሮ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታረቁ፤ ገዳማቸውም እንደሌላው ገዳም ሆነ። ቢሆንም የአባቶቻቸውን ገድል አላቃጠሉም፣ አልፋቁትም። የጉንዳ ጉንዶ ብራናዎች ከ200 በላይ ተቆጥረዋል። በብራና ላይ የተጻፈውን ፍቆ ሌላ መጻፍ ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ብራና ውድ ነውና። የታረቀ ሰው ደግሞ የድሮ ጠቡን የሚያስታውስ መጽሐፍ ቢጠላ አይፈረድበትም። እነሱ ግን ጠበቁት። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ነገር ግን ገድል ገድል ነው። የእስጢፋኖሳውያንንም መጽሐፍ ሳነብ ማወቅ ያለብኝ ይህንኑ ነው። ገድል የሚጻፈው ለማመስገን ነው፤ ቅዱሱን ከፍ ያደርጋል፣ አሳዳጁን ዝቅ ያደርጋል፣ ተአምር ያበዛል። የዘርዓ ያዕቆብን ምስጋና በጥንቃቄ ካነበብሁ የአባ እስጢፋኖስንም ምስጋና በዚያው ጥንቃቄ ማንበብ ግዴታዬ ነው። ገድሉ የሚያከብራቸው ሰዎችም ግትሮች ናቸው፤ በእምነታቸው ላልመሰላቸው ክርስቲያን የሚራሩ አይደሉም። እኔ የማምነው የትኛውን ነው? ሁለቱ የተስማሙበትን። ገድሉ «ንጉሡ ጨካኝ ነው» ሲል የከሳሽ ቃል ነው፤ የንጉሡ ዜና መዋዕል «ታላቅ ፍርሃት ነበረ» ሲል ግን የወዳጅ ምስክር ነው። ገድሉ ንጉሡን በመጻሕፍት የሚከራከር ሰው አድርጎ ሲያሳየኝ ደግሞ ሊቅነታቸውን የሚመሰክርልኝ ጠላታቸው ነው። በአገራችን ችሎት በራሱ ላይ የመሰከረ ሰው ቃሉ የጸና ነው። ታሪክም ሲነበብ እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ ሌላ መጽሐፍ ልውሰዳችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከሐረር የመጣ ጓደኛ ነበረኝ፤ አልጋችን አንዱ ከአንዱ በላይ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። አንድ ማታ ስለ ግራኝ አህመድ ተነሣ። እኔ ያደግሁት ያ ስም ሲጠራ እሳት እየታየኝ ነው፤ ሽማግሌዎቻችን የፈረሰ ግንብ ባዩ ቁጥር ያፈረሰው ግራኝ ነው ይላሉ። እሱ ደግሞ ያደገው ኢማም አህመድ ሲባል ሰው ራሱን ቀና ሲያደርግ እያየ ነው። ሁለታችንም ደነገጥን። ለአንድ ሰው ሁለት ዘፈን፣ በአንድ መኝታ ክፍል ውስጥ። ያን ማታ ተኮራርፈን ተኛን። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን «ፉቱሕ አል ሐበሻ»ን አንብበህ ታውቃለህ? አለኝ። አላነበብሁም ነበር። የሚገርመው እሱም አላነበበም። የተኮራረፍነው ሁለታችንም ባላነበብነው መጽሐፍ ላይ ነው።

ፉቱሕን በዐረብኛ የጻፈው ሺሀበዲን አህመድ፣ «ዓረብ ፈቂህ» በመባል የሚታወቀው የኢማሙ ዘመን ሰው ነው። በ1529 እ.ኤ.አ. የሆነውን የሽምብራ ኩሬን ጦርነትና ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመቻ ቦታ በቦታ፣ ጦር በጦር ይተርካል። ከኢማሙ ወገን ነው፤ ይህን አይሰውርም። እኔ ጠላቴን ላገኝበት ገባሁ፤ ያገኘሁት ግን መካነ ሥላሴን ነው።

መካነ ሥላሴ አፄ ናዖድ ጀምረዋት አፄ ልብነ ድንግል የፈጸሟት፣ በወሎ፣ በአማራ ምድር የነበረች ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አይቷታል። ፉቱሕ ደግሞ ኢማሙ ከሠራዊታቸው ጋር ወደ ውስጧ ሲገቡ ያዩትን ያወራል፤ ወርቁን፣ ብሩን፣ ጥበቡን፣ ሠራዊቱ እስኪደነቅ ድረስ። ከዚያ ወርቁን በመጥረቢያ እየገፈፉ ወሰዱ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ተቃጠለች። የመካነ ሥላሴን ውበት ካቆዩልን ሰዎች አንዱ ከአቃጣዮቿ ወገን መሆኑን ሳይ መጽሐፉን ይዤ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። የእኛ ዜና መዋዕሎች ስለ መቃጠሏ አዝነዋል። ውስጧ ምን ይመስል እንደ ነበር ለማየት ግን የእሱን ዐይን መዋስ ነበረብኝ። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የክርስቲያን ወገን ተዋጊዎች በጀግንነት ሲዋጉ ጀግንነታቸውን አይክድም። የኢማሙ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራም አለች፤ ከባሏ ጋር ተራራ ለተራራ የዘመተች፣ በዘመቻው መካከል ልጅ የወለደች።

ስለዚህች ሴት አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ኢማሙ በ1543 እ.ኤ.አ. ወይና ደጋ ላይ ሲወድቁ ልጃቸው መሐመድ በክርስቲያኖቹ እጅ ገባ። የአፄ ልብነ ድንግል ልጅ ሚናስ ደግሞ አስቀድሞ ተማርኮ እስከ የመን ዘቢድ ተወስዶ ነበር። ሁለት እናቶች ነበሩ ማለት ነው፤ አንዷ የልብነ ድንግል ባለቤት እቴጌ ሰብለ ወንጌል፣ አንዷ ባቲ ድል ወንበራ። ሁለቱም በዚያ ጦርነት ዘመን ባላቸውን አጥተዋል፤ የሁለቱም ልጅ በጠላት እጅ ነው። ተላላኩና ልጆቻቸውን ተለዋወጡ። ሚናስ በኋላ ነገሠ። በትምህርት ቤት የሽምብራ ኩሬንና የወይና ደጋን ዓመተ ምሕረት ሸምድጃለሁ። ይህን ልውውጥ ግን የነገረኝ አልነበረም። ለዚያ ለሐረሩ ጓደኛዬ ስነግረው እሱም አልሰማም ነበር። ያን ማታ ሁለታችን አልተኮራረፍንም።

ሦስተኛ መጽሐፍ ልጥቀስ፤ ይህኛው ከበድ ያለ ነው። አባ ባሕርይ የተባለ መነኩሴ በ1593 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት የጻፈው ድርሰት ነው። አርእስቱ ላይ ያለው ስም ዛሬ አፍ ላይ የማይውል ነው፤ አልጠራውም። አባ ባሕርይ የጋሞ ሰው ነው፤ አገሩ ተወሮበታል፣ ንብረቱ ተዘርፎበታል፤ ቁጣው በየመስመሩ ይታያል። ይህን መጽሐፍ ያነበበ የኦሮሞ ልጅ ቢቆስል እረዳዋለሁ። ሆኖም ሁለት ነገሮች አስገርመውኛል። መጀመሪያው፣ አባ ባሕርይ ገና ሲጀምር «የክፉዎችን ታሪክ ለምን ጻፈ የሚለኝ አለ» ብሎ አስቦ ለዚያ መልስ ማዘጋጀቱ ነው፤ ጠላት የተባለውንም ሰው ታሪክ መጻፍ ከእሱ በፊት የነበሩ መጻሕፍት ያደረጉት ነገር መሆኑን ያመለክታል። ወገኖቹ እንደሚቃወሙት ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ከቁጣው ጋር የገዳን ሥርዓት፣ ሉባ የሚባለው ባለተራ ወገን በየስምንት ዓመቱ እየተፈራረቀ የሠራውን በተራ በተራ መመዝገቡ ነው። ፕሮፌሰር መሐመድ ሐሰንን የመሰሉ የኦሮሞ ታሪክ ተመራማሪዎች የአባ ባሕርይን አድልዎ እየነቀፉ፣ ያንኑ መዝገብ ለታሪካቸው መሠረት አድርገው ይጠቀሙበታል። የተቆጣ ሰው የመዘገበው ነገር ለተቆጣባቸው ሰዎች ልጆች ዋጋ ሰጠ። መጽሐፉን «የጠላት ነው» ብለው ጥለውት ቢሆን ኖሮ ያ መዝገብ ባልተነበበ ነበር።

ይህን ሁሉ ስናገር አዲስ ነገር የማስተምር እንዳልመስላችሁ። ከመቶ ዓመት በፊት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ተናግሮታል። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፉ መግቢያ ላይ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው የሚያስፈልጉትን ሦስት ስጦታዎች ይዘረዝራል፤ የሆነውን የሚያስተውል ልቡና፣ በሆነው ላይ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያስተዋለውንና የፈረደውን የሚገልጥበት የጠራ ቋንቋ። ቀጥሎም በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩ ጸሐፊዎችን ይነቅፋል፤ ምኒልክን ለማወደስ ዮሐንስን ማዋረድ ታሪክ አይደለም ይላል። ተወልዶ ያደገው አድዋ አካባቢ ነው፤ ነቀፌታው ከወገን ፍቅር የመጣ ነው ሊባል ይችላል። በዚሁ ጽሑፉ ውስጥ ግን ወገኑ የሚኮራባቸውንም ነገሮች ቢሆን ሳይነቅፍ አላለፈም። በ33 ዓመቱ ሞተ። ረጅም ዕድሜ ቢሰጠው ኖሮ ምን ይጽፍልን ነበር እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

አንባቢስ? ገብረ ሕይወት ስለ ጸሐፊው ተናገረ፤ አንባቢውም ሊያሟላው የሚገባ ነገር አለ። እኔ እርሳስ ሳልይዝ የታሪክ መጽሐፍ አላነብም። ልቤን ያቆሰለው መስመር ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ ልቤን ደስ ያሰኘው ላይም እንዲሁ። መጽሐፉን ስጨርስ ምልክቶቹን ብቻ ተመልሼ አያለሁ። ያቆሰሉኝ መስመሮች ብዙ ጊዜ ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ እኔ ይነግሩኛል፤ ማንን እንደምወድ፣ ማን ሲነካ እንደሚያመኝ። ደስ ያሰኙኝ መስመሮች ደግሞ ይበልጥ ያሠጉኛል፤ ሳልመረምራቸው የምቀበላቸው እነሱን ነውና። ከዚያ ያነበብሁትን መጽሐፍ ትቼ እሱ የጠቀሰውን አሮጌ መጽሐፍ እፈልጋለሁ። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ዛሬ ሰው በአንድ መጽሐፍ ተቆጥቶ በማግሥቱ የሚናገርበት ዘመን ነው፤ እኔም በአንድ ሳምንት ውስጥ ተቆጥቼ የተናገርሁት ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል።

አባቴን እዚህ ላይ ላምጣቸው። እርጅና ተጫጭኗቸው ዐይናቸው ደክሞ ነበር፤ ማታ ማታ እኔ አነብላቸዋለሁ። ያን የእስጢፋኖሳውያንን መጽሐፍ ልደብቃቸው ወይስ ላንብብላቸው እያልሁ ብዙ ጊዜ አመነታሁ። ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ «አባባ፣ ስለ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የሚናገር መጽሐፍ ላንብብልዎት?» አልኋቸው። «አንብብልኝ» አሉ። ብርድ ልብሳቸውን እስከ ደረታቸው ሳቡ። ሦስት ማታ ፈጀብን። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ግርፋቱ ጋ ስደርስ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ የተኙ መስሎኝ ብቆም «ቀጥል» አሉኝ።

ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ቁጣቸውን ጠበቅሁ። ልከራከርም ተዘጋጅቼ ነበር፤ ዜና መዋዕሉን ራስጌዬ አኑሬዋለሁ። እሳቸው ግን «የድንጋዩን ነገር እኔም አውቀዋለሁ» አሉኝ። ተአምረ ማርያም ውስጥ እንዳለ ነገሩኝ። ቅኔ ቤት ሳሉ እንዳነበቡት፣ ከዚያም ብዙ ጊዜ ሲነበብ እንደ ሰሙት ነገሩኝ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አነበብሁት እንጂ አልሰማሁትም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ብዙም አልተነጋገርንም። ዘርዓ ያዕቆብን ማመስገናቸውን አልተዉም፤ የእመቤታችንን በዓላትም እንደ ወትሮው አከበሩ። በዚያው ዓመት፣ በጥር ማለቂያ፣ ቀኑን ደጋግመው ይጠይቁኝ ጀመር። የካቲት 2 ቀን ማለዳ ከመኝታቸው ተነሥተው ጋቢያቸውን ሲደርቡ አገኘኋቸው። ጉም ነበር፤ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። «አባባ፣ በዚህ ብርድ ወዴት ነው?» አልኋቸው።

«ወደ ሥላሴ» አሉኝ። እጃቸው ላይ ጧፍ ይዘዋል። ክንዳቸውን ደግፌ አብሬያቸው ወጣሁ። መጋቢት 10 ገና 38 ቀን ይቀረው ነበር።